የጋሽ ዘለቀ ተሳልሞ

ጋሽ ዘለቀ የቤተክርስቲያን በር አይተው ዝም ብለው ማለፍ አይችሉም። የማንም ይሁን፣ ቆም ብለው ያማትባሉ፣ መቃኑን ስመው ግንባራቸውን ያስነካሉ፣ ከዚያ ሶዌቶ ወዳለችው ስፓዛ፣ ትንሿ የሰፈር ሱቃቸው፣ ይሄዳሉ። እዚህ ጆበርግ፣ ትሮይቪል ሰፈር፣ አንድ ግቢ ስንኖር አስራ አንድ ዓመታችን ነው። እኔ ራውዳ ሙስሊም ነኝ፤ ግን የሰፈሩን የቤተክርስቲያን በሮች ሁሉ በእሳቸው ምክንያት አውቃቸዋለሁ።

ኮሮና መጥቶ ሁሉም ሲዘጋም አልተዉም። ልጃቸው ሩሀማ አንድ ቀን የተቆለፈውን የእንግሊዞች ቤተክርስቲያን በር ማስካቸውን ዝቅ አድርገው ሲስሙ ያዘቻቸው።

«አባዬ፣ ሲሪየስሊ? ኮቪድ እኮ ነው! ደግሞ የኛ ቸርች እንኳን አይደለም!»

«የእግዚአብሔር ቤት አይደለም እንዴ?» አሉ።

ሁለት ቀን ተኮራረፉ። እኔ ከሩሀማ ጋር ወገንኩ፤ አሁንም የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ሩሀማ እዚሁ ጆበርግ አድጋ ታሪክ የተማረች ልጅ ናት። በእንግሊዝና በዌልስ ድንበር ያሉትን የመካከለኛው ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ለማጥናት ስኮላርሺፕ ጠይቃ፣ የመጨረሻው ቃለ መጠይቅ በዙም ሆነ። ቦታው አንድ ብቻ ነው፤ ካመለጣት ሌላ የለም። የኔ ቤት ኢንተርኔት ይሻላል ተብሎ እኔ ጋ ተቀመጠች። ጋሽ ዘለቀና እኔ ስክሪኑ የሚታየን፣ ካሜራው ግን የማያየን ጥግ ላይ ትንፋሻችንን ውጠን ቁጭ አልን።

መጀመሪያ ጥያቄውን ሁሉ እንደ ውሃ ጠጣችው። ከዚያ ፕሮፌሰሯ የአንዲት የገጠር ቤተክርስቲያን ፎቶ አሳየቻት፤ ስምንት መቶ ዓመት የሞላው የቀይ ድንጋይ በር። መቃኑ በሰው ፊት ቁመት፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ጎድጎድ ብሎ ለስልሷል።

«ይህን ምን ያደረገው ይመስልሻል?»

ሩሀማ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ ፎቶውን አየችው። ጋሽ ዘለቀ ግን መቀመጥ አልቻሉም፤ ድምፅ ሳያሰሙ ተነስተው የኔን በር መቃን ሳም አደረጉና ግንባራቸውን አስነኩት። ሳቄን በሻርፔ አፈንኩ።

ሩሀማ አየቻቸው። «ሰው ነው» አለች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። «ሰው ሲገባ ሲወጣ እየሳመው። አባቴ ዛሬም እንደዚህ ያደርጋል።» ለጠያቂዎቿ ስለ ተሳልሞ ነገረቻቸው፤ ለኩርፊያው ምክንያት የሆነውን በር እንኳን አልደበቀችም።

«እርግጡን ማንም አያውቅም» አለች ፕሮፌሰሯ። «ግን ዛሬ ከጠየቅኳቸው ሁሉ ሰዎቹን ያስታወስሽ አንቺ ብቻ ነሽ።»

ቦታውን አገኘች። እልልታዬን የሰማ ግቢው ሁሉ ሠርግ መስሎት ወጣ።

በረራ እስኪከፈት ወራት ጠብቃ ወደ እንግሊዝ ሄደች። በደረሰች በሳምንቱ በኔ ስልክ ቪዲዮ ላከች፤ በፎቶ ያየነው የቀይ ድንጋይ በር ፊት ቆማ፣ ሰው አለመኖሩን ግራ ቀኝ አይታ፣ ማስኳን ዝቅ አደረገች።

«አባዬ፣ ተሳልሜልሃለሁ» አለች።

ጋሽ ዘለቀ ስልኬን ነጥቀው ሳሙት፤ ግንባራቸውንም አስነኩት። ያን ቀን ሳኒታይዘር ፍለጋ አልተነሳሁም።