እናቴ ያላለችው ደብዳቤ

በዚያ ዓመት የአማርኛ አስተማሪያችን ድርሰቴን ክፍል ፊት ቆሞ አነበበው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እግሬ መሬት አልነካም፤ የአስቤዛ ዝርዝር ስጽፍ እንኳ ዓረፍተ ነገሬን አሳምር ነበር። ያ ደስታ ዛሬም አለቀቀኝም፤ ይህንንም የሚያስጽፈኝ እሱ ነው። ያጠፋሁትም ግን በእሱ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ከሄደ ሁለተኛ ክረምቱ ነበር። እናቴ ጣና ዳር ዓሣ ትቸረችራለች፤ ፊደል አልቆጠረችም። ደብዳቤዋን የሚጽፍላት አስተማሪው አጎቴ ነበር፤ ያለችውን እንዳለችው፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ። እሱ ወደ ደልጊ ሲዛወር ተራው የእኔ ሆነ።

እማ የዓሣ ቅርፊት እጇ ላይ እንደተለጠፈ በራፉ ላይ ቁጭ ብላ ትናገራለች። ቀረሶው ዓሣ ዘንድሮ ከሲታ ነው። ዘይቱኑን የጎረቤት ልጆች ሳይበስል ጨረሱት። አንተ ሰነፍ፣ እግርህን ታጥበህ ተኛ፤ ካልሲህ እዚህ ድረስ ይሸተኛል። እኔ አፈርሁ። ይህ ለጦር ሜዳ ይጻፋል? «የናፍቆትህ ማዕበል ልቤን እንደ ጣና ዳርቻ ሲመታው ይውላል» ብዬ ጀምሬ ሁለት ገጽ ሞላሁ። አንብቢልኝ ስትለኝ፣ ወረቀቱን እያየሁ የራሷን ቃል በቃሌ ወጣሁላት። ካልሲው ላይ ስደርስ ሳቀች።

ሁለት ወር ቆይቶ መልሱ መጣ፤ የተጻፈው ግን ለእኛ ሳይሆን ለእድራችን ዳኛ ነበር። ሽማግሌው ከደጅ ጀምረው እየቀለዱ ገቡ፦ «አንች ሴት፣ ሞተሻል አሉኝ። እድሩ ሳያውቅ የት ተቀበርሽ?»

ደብዳቤውን ሲያነቡልን ግን ድምፃቸው እየወረደ ሄደ። እናቴ በሕይወቷ እንዲህ ተናግራኝ አታውቅም ይላል ወንድሜ። ሩቅ ላለ ሰው መርዶ እንደሚደበቅ አውቃለሁ፤ እህቴን አስገድዳችሁ በእናቴ ስም አጻፋችኋት። «መቼ እንደሞተች ብቻ ይንገሩኝ። አርባዋ አልፏል?»

እናቴ ወደ እኔ ዞራ የጻፍሁትን እንዳለ እንዳነብላት ጠየቀችኝ። ረቂቁ ደብተሬ ውስጥ ነበር። እያለቀስሁ እስከ መጨረሻው አነበብሁላት። ትመታኛለች ብዬ ነበር።

«ያምራል» አለች። «እኔ ግን የለሁበትም።»

ያን ዕለት ያለችውን ሁሉ፣ አንዲት ቃል ሳልነካ ጻፍሁ። ከዚያም ሁለት ደብዳቤ ጨመርን። መልስ የለም።

ከጥምቀት በኋላ እግሩ ቆስሎ የተመለሰ አንድ ወታደር፣ የወንድሜ ጓደኛ፣ ቤታችን መጣ። እሱ እንደነገረን፣ የእኛ መልስ ሲዘገይበት ወንድሜ ተስፋ ቆርጦ ፀጉሩን ተላጨ፤ ጓደኞቹ ከበውት ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጠ። ወዲያው ወደ ሌላ ግንባር ወሰዱት። የት እንደሆነ ወታደሩም አያውቅም። ደብዳቤዎቻችን ሳይደርሱት ቀርተዋል።

እናቴ ስለ ግንባሩ አልጠየቀችም። «ልጄ በቁሜ አለቀሰልኝ» አለች ቀስ ብላ። ወደ ወታደሩ ዞረችና፣ «እህል ቀመሰ?»

በሦስተኛው ቀን አንድ ጓደኛው ዳቦ በሻይ እያራሰ በግድ እንዳጎረሰው ነገራት።

«የማን ልጅ ነው ያጎረሰልኝ?» አለችው። «እናቱ የት አገር ናት?»

ወታደሩ አሰበ፣ አሰበና አላውቅም አላት።