ከኑሪያ የደበቅኩት ገጽ

ባለፈው ሳምንት የልጄ ልጅ መክሊት ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ለሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና እየተዘጋጀች ነው። አምስት ሰዎች ተሰልፈዋል፤ እገሌ ከእገሌ ይቀድማል፤ ሦስተኛው ማን ነው? የሚል ጥያቄ አነበበችልኝ። መልሱን ወዲያው ስነግራት ገርሟት፣ «እማማ፣ ይሄን ደግሞ የት ተማርሽው?» አለችኝ። ሻዬን ፉት አልኩ።

በደርግ ጊዜ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ጉለሌ ከወላጆቼ ጋር እየኖርኩ አንድ መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት እሠራ ነበር። በማታ ሕግ ለመማር የሚፈልጉ የመግቢያ ፈተና እንደሚፈተኑ፣ አብዛኛውም የማመዛዘን ጥያቄ እንደሆነ ሰማሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቀድሞ የተዘጋጀበትን፣ በስቴንስል የተባዛ አሥራ ሁለት ገጽ ጥያቄ ሰጠኝ። ብቻዬን ብሞክረው ራሴን አዞረኝ። ስለዚህ እንደኔው ለፈተናው ወደተመዘገበችው የትምህርት ቤት ጓደኛዬ፣ ወደ ኑሪያ ወሰድኩት።

ኑሪያ ከጳውሎስ ሆስፒታል ከፍ ብሎ ባለው የአባቷ ሱቅ ትውል ነበር። ክረምት ነው፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ መንገዱን ያጨቀየዋል፣ እርጥብ ባሕር ዛፍ አየሩን ሞልቶታል። ከሥራ ስመለስ ጫማዬን ደጃፉ ላይ ጠርጌ እገባለሁ፤ ቆሎ እየቆረጠምን፣ ገዢ ሲመጣ እያቋረጥን እናጠናለን።

አንድ ቀን እንዲህ የሚል ጥያቄ ገጠመን። ሐኪሞች ሁሉ የተማሩ ናቸው፤ ከተማሩት አንዳንዶቹ ይዋሻሉ፤ ስለዚህ አንዳንድ ሐኪሞች ይዋሻሉ ማለት ይቻላል? ይቻላል አልኩ። ኑሪያ ሳሙና እየደረደረች ሳቀች።

«ዳቦ የሚገዙን ሁሉ የሰፈር ሰዎች ናቸው። ከሰፈሩ ሰው ደግሞ ሌባ አይጠፋም። ታዲያ ደንበኞቻችን ውስጥ ሌባ አለ ልትዪ ነው?»

ገባኝ። ግን መግባቱ ደስ አላለኝም። ወረቀቱን ያመጣሁት እኔ፣ ቢሮ የምውለው እኔ፤ እሷ ስኳር እየመዘነች ትቀድመኛለች። አባቷ ጋሽ ሙዘይን ገብተው፣ «ልጄ አስቸገረችሽ?» ሲሉኝ ኑሪያ ቀደም ብላ፣ «እሷ ናት የምታስተምረኝ» አለቻቸው። ክብሬን ልትጠብቅልኝ ነው። ያ ደግነቷ ይበልጥ አንገበገበኝ።

በማግስቱ ወረቀቱን የሰጠኝ ባልደረባዬ ከሁሉ የሚከብደው ሰባተኛው ገጽ ነው ሲል ሰማሁና ያንን ገጽ መዝዤ ፍራሼ ሥር ከተትኩት። ቢያንስ በአንድ ነገር ልብለጣት ብዬ ነው። ሁለት ቀን ታገልኩት፤ አልሆነም። በሦስተኛው ቀን ጥያቄውን ከራሴ ያፈለቅኩት አስመስዬ፣ ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ስለተቀመጡ ስድስት ሰዎች ኑሪያን ጠየቅኳት። በጣቷ ባንኮኒው ላይ እየሣለች ፈታችልኝ። ከዚያ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገለጠች።

«ከስድስት በኋላ ስምንት ነው» አለች ረጋ ብላ። «ሰባት ወይ ከመጀመሪያው አልነበረም፣ ወይ አንቺ ጋ ነው። ባይኖር ኖሮ የጠረጴዛውን ጥያቄ ከየት ታመጪው ነበር?»

ረስቼው ነው አልኳት፤ ፊቴ ግን ይፋጅ ነበር። አልተከራከረችኝም። ወረቀቱን አስተካክላ መለሰችልኝና፣ «ከነገ ጀምሮ ብቻዬን ባጠና ይሻለኛል፣ ጥሩዬ» አለችኝ።

ለፈተናው ሁለታችንም ተቀመጥን። የእሷ ስም ሰሌዳው ላይ ወጣ፤ የእኔ አልወጣም። ወደ ቤት ስመለስ በሱቁ በኩል ላለማለፍ ብዬ በዝናብ ዞሬ ሄድኩ።

በዓመቱ ኑሪያ ቤታችን ድረስ መጣች። የፈተናው ምዝገባ እንደገና እንደተጀመረ ነገረችኝ፤ ከፈለግሽ ከማታ ክፍሌ በፊት አብረን እናጠናለን አለችኝ። ስለ ገጹ አንድም ቃል አላነሳችም። ብስማማ ኖሮ ምናልባት አልፍ ነበር። እኔ ግን እሷ ቆማ እኔ ተቀምጬ ስማር ታየኝና፣ ሥራ በዝቶብኛል አልኳት። እናቴ ቁጭ በይ ብላ ብትለምናትም አልገባችም። ዳግም ለፈተና አልተመዘገብኩም፤ በዚያው በታይፒስትነቴ ጡረታ ወጣሁ። ኑሪያ ጠበቃ ሆነች። አንዴ ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ በሩቁ አይቻት ፊቴን አዞርኩ።

ቅናት የያዘው ሰው የሌላውን እንጀራ እየቆጠረ የራሱን ያሻግታል። እኔ ይህን ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጀብኝ።

መክሊት አሁንም መልስ ትጠብቃለች። ጉለሌ፣ አንድ ሱቅ ውስጥ ነው የተማርኩት አልኳት።

«ማን አስተማረሽ?»

«ኑሪያ የምትባል ጓደኛዬ» አልኳት። ሻዬን አስቀመጥኩና ጨመርኩበት። «ትበልጠኝ ነበር።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት።