ለባቢክር ብቻ የመጣው እንግዳ

ባቢክር የገመድ አልጋ እየወጠረ ያረጀ ሰው ነው። ራሱ እንደሚለው ኦምዱርማን ከተማ ውስጥ በእሱ አልጋ ላይ ያልተኛ ሙሽራ ካለ፣ ሠርጉን እንደገና ይደግስ። እጁ መንቀጥቀጥ፣ እግሩም መጎተት ሲጀምር ሐኪሙ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ የሚዋጥ ክኒን አዘዘለት፤ እጁም ገመዱን መልሶ ጨበጠ።

ከዚያ ረመዳን ገባ። ሐኪሙ "ታማሚ ነህ፣ ጾም የለብህም" ብሎት ነበር፤ ግን ማን ይስማው! "በዚህ ዕድሜዬ በጠራራ ፀሐይ ውሃ ልጠጣ?" አለና በልቡ ሌላ ዘዴ ቀየሰ። የቀኑን ክኒን በሙሉ የማፍጠሪያው አዛን ሲሰማ ባንድ ጊዜ ዋጥ ያደርገዋል። ለማንም ትንፍሽ አላለም፤ አብራው ለምትኖረው ልጁ ለሲትና እንኳ። ቀን ቀን እንደ ግንድ ደርቆ ይውልና ማታ ነፍስ ይዘራል።

ማታ የሰፈሩ ወንዶች ትሪያቸውን ይዘው አስፋልቱ ዳር ምንጣፍ ያነጥፋሉ። ጥምጣማቸውን ፈትተው መንገዱ ላይ ይወጥሩታል፤ አላፊ አግዳሚው ሳያፈጥር ማለፍ የለም። ሰሞኑን ለባቢክር እንግዳው በዝቶለታል። ነጭ የለበሱ ሰዎች ከምሽቱ አቧራ ውስጥ ድምፅ ሳያሰሙ እየወጡ በትሪዎቹ መሃል ይቀመጣሉ። አልፈራም፤ እንዲያውም ደስ አለው። አንድ ምሽት ከኋላቸው ወንድሙ ኸለፋላ መጣ። በወጣትነቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ባሕሩ ወደብ ሄዶ በዚያው የቀረው ኸለፋላ፣ ጢሙ ዛሬም ጥቁር ነው። ባቢክር ገንፎውን ቆርሶ እጁን ዘረጋ።

"ሐጂ፣ ማንን ነው የምታጎርሰው?" አለው ጎረቤቱ ደፋላ።

"ወንድሜን ነዋ! ዓይንህን ምን ጋረደው?"

"ኧረ እኔስ ማንንም አላየሁም። በል እጅህ ከሚዝል እኔን አጉርሰኝ!"

ሰዉ ሳቀ። ኸለፋላ ግን ሳይጎርስ ተነሣ፤ ቀስ ብሎ ወደ አስፋልቱ መሃል ሄደ። ባቢክርም እግሩ እንደ ላባ ቀሎት ተከተለው። የጭነት መኪና ጡሩንባ የተሰማው ከሩቅ፣ ከሌላ ዓለም መሰለው። ደፋላ ጀለቢያውን ጎትቶ ባይጥለው ኖሮ አብቅቶለት ነበር።

ሲትና በማግሥቱ ይዛው ሐኪም ቤት ሄደች። ባቢክር የክኒኑን ዘዴ ሲናዘዝ ሐኪሙ ራሱን ያዘ። "ባንድ ላይ ሲዋጥ እኮ ነው የሌለ ሰው የሚያሳይህ! በየሰዓቱ ውሰድ፤ ፈርቼ ልተወው ብትልም ድንገት ማቋረጡ የባሰ ነው" አለው።

ቀትር ላይ ሲትና ክኒኑንና ውሃውን አቀረበችለት።

"እንደ ሐኪሙ አባባል ከወሰድኩት፣ ኸለፋላ ይመጣል?"

መዋሸት አማራት፤ አልቻለችም። "አይመጣም፣ አባዬ።"

"ሳያፈጥር ነው የሄደው እኮ።"

"አንተም ልትሄድ ነበር! እኔን ለማን ጥለኸኝ?"

ባቢክር ልጁን ትክ ብሎ አያት። ስንት ዘመን የናፈቀው ወንድሙ በዓይኑ ውስጥ ነበር። ከዚያ የሚንቀጠቀጥ እጁን ወደ ክኒኑ ሰደደ።

ሲትና በረመዳን ቀትር ውሃ ሲጠጣ እንዳታየው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።