የእናቴ ጉልበትና የወንድሜ ፎቅ

ታናሽ ወንድሜ እኔ የሠራሁትን ቤት አፈረሰብኝ፤ እናቴንም ወሰደብኝ።

ቦታውን አባታችን በሕይወቱ ሳለ ለእሱ ሰጥቶት ነበር። ይሁን። ቤቱ ግን የእኔ እጅ ነው። የሣር ክዳኑን አውርጄ ቆርቆሮ የመታሁት፣ በጎን ሁለት ክፍል የቀጠልኩት፣ ጭቃውን ከጭድ ጋር ረግጬ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። የመጨረሻዋ ክፍል የእናቴ ነበረች።

እሱ ከኢተያ ስንዴ እየጫነ ሲነግድ ከበረ። አንድ ቀን መጥቶ፣ «ጋሼ፣ አፍርሼ የሚከራይ ፎቅ ላቆም ነው» አለኝ። ምክር አልጠየቀኝም፤ ነገረኝ እንጂ። ቤቱ ሲፈርስ የሰፈሩ ሰው እንደ ሠርግ ቆሞ አየ።

ፎቁ እስኪያልቅ እናቴ እኔ ተከራይቼ ከምኖርበት ቤት ገባች። እኔ ግን ብሎኬት በብሎኬት ላይ በተደረበ ቁጥር አንጀቴ ይቃጠላል። ዝናቡ ሲሚንቶውን እንዲያጥበው ተመኘሁ፤ የአሰላ ዝናብ እንኳ ለእሱ አድልቶ ዘገየ። መንገደኛ «ይሄ የማን ነው?» ካለ፣ «የዚህ ሰውዬ የታናሹ ነው» እያሉ እኔን ይጠቁሙኛል። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ስለዚህ በሩ ላይ «የሚከራይ ቤት» የሚል ሰሌዳ ሲሰቀል የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ሳልጠይቀው አነበበልኝ።

አንድ አስተማሪና አንዲት ነርስ ተከራይተው ገቡ። ወንድሜ «እማን ልውሰድ» አለ። እንቢ አልኩ። ሽማግሌ ተቀመጠ። እኔ ልቤ ሙሉ ነበር፤ የእናቴ ጉልበት እንኳን ደረጃ ደፍም አያሻግራትም።

«አሮጊት እንደ ዶሮ ቆጥ ላይ ትደር?» አልኩ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ።

«ጋሼ፣ የሰጠኋት ምድር ቤቱን ነው» አለ ወንድሜ። «መንገድ ዳር ያለውን፣ ሱቅ ላደርገው የነበረውን።»

ሳቁ ቆመ።

«እርስዎስ ምን ይላሉ?» ብለው እናቴን ጠየቋት።

ወደ እኔ ዞረች። «ልጄ፣ ቤት ሠርተህልኛል፤ አላህ ይስጥህ። ግን ወላሂ፣ አንተ ዘንድ ከገባሁ ወዲህ ከዚያ ፎቅ ሌላ ወሬ ሰምቼ አላውቅም። ስበላም ፎቁ፣ ስተኛም ፎቁ! እዚህ ሆኜ ከምሰማው ገብቼ ብኖርበት ይሻለኛል።»

ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው መረቁ። ሁሉም አሚን አለ፤ እኔ አላልኩም። አልጋዋን ግን እሱን አላሸከምኩትም። ራሴ ተሸክሜ ወስጄ አስገባሁላት፤ ሻይ ጠጣ ሲለኝ ወጣሁ። ነገሩ ያለቀው እንዲህ ነው፤ እሑድ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1965 ዓ.ም።