ሚጥሚጣ በባሩድ መስፈሪያ

ከተጋባን በኋላ እኔና ባለቤቴ የራሳችን ቤት ተሠርቶ እስኪያልቅ ገርጂ በሚገኘው የወላጆቿ ግቢ ሰርቪስ ቤቱን ይዘን ተቀመጥን። ቤታችን እስከ ዛሬ አላለቀም። በዚህ ምክንያት ሌላው ሰው በዓመት በዓል ብቻ የሚያየውን አማት እኔ በየቀኑ አያለሁ፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ከቁርስ እስከ ምሳ አዳምጣለሁ።

አማቴን ጋሼ ነው የምላቸው። ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ከውጭ የሚመጡ አዳኞችን እየመሩ ደጋ ቆላውን ያካለሉ ሰው ናቸው። ጠመንጃቸውን ካስረከቡ ቆይተዋል፤ ወሬው ግን እሳቸው ጋ ቀርቷል። ከወሬው ሁሉ አብልጠው የሚወዱት ደግሞ የተገደለውን አውሬ ሳይሆን የቀለህ አሞላሉን ነው። ጥይት እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን የተተኮሰ ቀለህ እየለቀሙ፣ እቤታቸው ተቀምጠው ባሩድ እየሰፈሩ መልሰው ይሞሉት ነበር። "ባሩዱ ሲያንስ ጅግራዋ ትስቅብሃለች፤ ሲበዛ ጠመንጃው ይስቅብሃል" ይላሉ። የሙያው ቁም ነገር መሃሉን ማግኘት ነው።

ከአልጋቸው ሥር ባለው የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ሁለት ዓይነት የባሩድ መስፈሪያ አለ። አንደኛው ከትንሽ እስከ ትልቅ በቀለበት የታሰሩ የነሐስ ማንኪያዎች ናቸው። ሁለተኛው ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ በብሎን የሚታሰር የብረት መሣሪያ ነው፤ ከላይ ባሩድ የሚጠራቀምበት ብርጭቆ፣ ከጎኑ እጀታ፣ ከታች ቀጭን አፍንጫ አለው። እጀታው ወደ ላይ ሲነሣ ሆዱ ውስጥ ያለችው ጉድጓድ ትሞላለች፤ ሲወርድ ያችኑ ያህል ብቻ ከታች ያፈስሳል። ጉድጓዷን የምታሰፋና የምታጠብ ትንሽ ብሎን አለችው።

ይህን መሣሪያ የላኩላቸው አንድ የድሮ ደንበኛቸው የሆኑ ፈረንጅ ናቸው። የደረሰው ግን ጋሼ ጠመንጃቸውን ካስረከቡ በኋላ ነበር። አንድም ቀን ባሩድ ገብቶበት አያውቅም። በየዓመቱ አውጥተው ዘይት ቀብተው በጨርቅ ጠቅልለው ይመልሱታል። እንዲህ ያለ ዕቃ ይዞ የሚሰፈር ነገር ማጣት ምን ያህል እንደሚያንገበግብ የገባኝ የሚጥሚጣው ጉዳይ በተነሣ ቀን ፊታቸው ሲበራ ሳይ ነው።

እትዬ፣ የባለቤቴ እናት፣ ሚጥሚጣ የሚያዘጋጁት በዓመት አንዴ ነው፤ ዘመድ ሁሉ ይጠብቀዋል። ዘንድሮ ሚጥሚጣው ከወፍጮ ቤት በመጣበት ቀን ታናሽ እህታቸው ደወሉና፣ "አምና የታላቃችን ላስቲክ ከኔ ይወፍር ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ" አሉ። ዓመት ሙሉ ይዘውት ኖረዋል ማለት ነው። ታላቅየዋ ይህን ሲሰሙ "ደግሞ በሚጥሚጣ ትመቀኘኝ?" ብለው ተቀየሙ። እትዬ ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወሩት።

"ከእንግዲህ ለማንም አልሰጥም! የምሰጠው በእጄ ነው፤ እጄ ሚዛን አይደለ!"

ጋሼ የሚያነቡትን ጋዜጣ አጠፉት። "ችግሩ የመስፈሪያ ነው" አሉና ወደ መኝታ ቤት ገቡ። የቆርቆሮው ሳጥን ክዳን ሲንኳኳ ሰማን።

"እኔ አፈር ልብላ! በባሩድ ዕቃ ሚጥሚጣዬን?" አሉ እትዬ።

"ባሩድ አይቶ አያውቅም። ካንቺ ድስት ይነጻል" አሉ ጋሼ ከውስጥ። ለዚህች ንግግር ምሳ ላይ ወጥ አነሰባቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት እኔን ረዳታቸው አድርገው ሁለቱንም መስፈሪያ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። መጀመሪያ ምርጫ ነው አሉኝ። "ማንኪያ ታማኝ ነው፤ ግን ድርቅ ያለ ነው። አንድ ልክ ያውቃል፣ ከዚያ ወዲያ አትለምነውም። ይኼኛው ግን ይታዘዛል።"

"እትዬ የቡና ስኒ አላቸው እኮ ጋሼ" አልኩ።

"ስኒ!" አሉ፣ በስድብ እንደተጠሩ ሰው። በዚሁ ምርጫው ተዘጋ።

ለሙከራ ጤፍ ሞላንበት። ከወጥ ቤት በመጣችው ሚዛን ላይ ትንሽ ሳህን አስቀመጥን። እኔ እጀታውን አነሣለሁ፣ አወርዳለሁ፤ ጋሼ ይመዝናሉ፤ ሲበዛ ብሎኗን በካቻቢቴ ትንሽ ያጠብቃሉ፤ ሲያንስ ያላሏታል። ያቺ ካቻቢቴ የምትዞረው የጥፍር ያህል ነው፤ እያንዳንዷ መዞር ግን ንግግር ነበራት። ብሎኗ ልኳን ካገኘች በኋላ ደግሞ ጥፋቱ ሁሉ ወደ እጄ ዞረ።

"እጅህ ወጥ ይሁን። ከአለቃህ ጋር ተጣልተሃል እንዴ?"

"ኧረ አልተጣላሁም ጋሼ፤ ቅዳሜ ነው።"

"ታዲያ ለምን ትደነፋበታለህ? ባሩድ የሰፋሪውን ጠባይ ያውቃል።"

"ጤፍ ነው እኮ ጋሼ።"

"ጤፍም ያውቃል።"

ወደ ማምሻው ግን፣ እውነት ለመናገር፣ የሚወርደው ጤፍ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነ። ሚዛኗ አትነቃነቅም። ጋሼ ወንበራቸው ላይ ደገፍ ብለው መሣሪያውን አዩት። በስንት ዘመኑ ሥራ አግኝቷል። እኔም ሳላስበው ደስ አለኝ።

በማግስቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎች ሊመጡ ነበር። የባለቤቴን ታናሽ እህት የሚጠይቁ ናቸው። እትዬ ለዚሁ ሊጸልዩ በጠዋት ቦሌ መድኃኔዓለም ሄደዋል፤ ባለቤቴ ኤርፖርት ሥራ ገብታለች፤ ታናሽየዋ ክፍሏ ውስጥ ፀጉሯን ታደርቃለች። ጋሼ "እናቷ ሳትመጣ እንጨርስላት" አሉኝ። እትዬ ሲመለሱ እኩል እኩል የታሸገ ሚጥሚጣ ተደርድሮ ሊያዩ ነው። ከትልቁ ዕቃ ቀንሰን ብርጭቆውን ሞላነው።

ሚጥሚጣ ግን ጤፍ አይደለም። ጨው አለበት፤ ጨው ደግሞ እርጥበት ይስባል። እጀታውን አወረድኩ፤ ምንም የለም። ደገምኩ፤ ምንም። በሦስተኛው አንድ ድብልብል ጓል ጠብ አለና ሳህኑ ላይ ተንከባለለ። ጋሼ መሣሪያውን በካቻቢቴው እጀታ ቸብ ቸብ አደረጉት። አልሰማቸውም።

"ረጥቧል" አሉ።

"ባሩድ ሲረጥብ ምን ታደርጉ ነበር?"

"ፀሐይ ላይ እናሰጣለን።"

ውጭ ያካፋል። ጋሼ መስኮቱን አዩ፤ ቀጥለው ድምፅ ወደሚመጣበት ወደ ልጃቸው ክፍል አዩ። "ያ ነገር ሙቅ አየር አይደል የሚተፋው?"

"ነፋስም አለው እኮ ጋሼ።"

"በትንሹ ነዋ!"

ልጅቷ ተጠርታ ፀጉሯ እንደረጠበ ማድረቂያውን ይዛ መጣች። ጋሼ ተቀብለው አፉን ወደ ብርጭቆው አስጠጉ። "አባዬ፣ ትንሹ እኮ ተበላሽቷል፣ የሚሠራው—" አለች። እሳቸው ተጭነውታል።

በብርጭቆው ውስጥ የነበረው በሙሉ በአንድ ትንፋሽ ወጣ። መጀመሪያ ቀይ ደመና ጣሪያው ጋ ደረሰ፤ ወዲያው ቀስ ብሎ በመጋረጃው፣ በሶፋው፣ በሦስታችን ላይ ወረደ። ከዚያ በኋላ ያየሁት ነገር የለም። ጋሼ ሲያስነጥሱ፣ ልጅቷ "ዓይኔን! ዓይኔን!" ስትል ብቻ ነው የምሰማው። በዚህ መሃል የግቢው በር ተንኳኳ።

ሽማግሌዎቹ ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ድንገት ለቅሶ ስለገጠማቸው፣ ይቅርታ ጠይቀው ጉዳዩን በጠዋት ጨርሰው ሊሄዱ አስበዋል። ሦስቱም ጥቁር ኮት ለብሰዋል። በሩን የከፈተችላቸው ሊጠይቋት የመጡት ልጅ ራሷ ናት፤ ፀጉሯ ተበትኗል፤ እንባዋ እስከ አገጯ ይወርዳል። መናገር ስላቃታት በእጇ ወደ ሳሎን አመለከተች። እነሱም ኮፍያቸውን አውልቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው ገቡ።

ጋሼ ፎጣ ፊታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። የገባውን ሰው አላዩም፤ ጎረቤት መስሏቸዋል። ትልቁ ሽማግሌ አጠገባቸው ተቀምጠው እጃቸውን ያዙ።

"መቼ ነው?"

"አሁን፣ አሁን ነው" አሉ ጋሼ።

"እግዚኦ! በድንገት?"

"በድንገት! ትናንት እኮ ደህና ሲሠራ ነው የዋለው!"

"ዕድሜውስ?"

"ምን ዕድሜ አለው! ገና ምኑም ያልተነካ!"

"ወጣት ነው ማለት ነው" አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ በቀስታ።

ላስረዳ አፌን ስከፍት ሳል ያዘኝ። ሳሉ ከሲቃ አይለይም ነበር። ሦስተኛው ሽማግሌ ትከሻዬን ጨብጠው፣ "በርታ እንጂ! አንተ እንዲህ ከሆንክ አባትህን ማን ያጽናና?" አሉኝ። ይህን ብለው ሳይጨርሱ እሳቸውም አስነጠሱ። ከዚያ ትልቁ መሐረባቸውን አወጡ። ትንሽ ቆይቶ ሳሎን ውስጥ የማያለቅስ ሰው አልነበረም።

እትዬ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱት በዚህ ሰዓት ነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ጥቁር የለበሱ ሰዎች ሳሎናቸው ውስጥ ይነፋረቃሉ። ሁላችንንም አንድ በአንድ አዩን፤ የጎደለችው ባለቤቴ ናት።

"ልጄን! ልጄ ምን ሆነች?" ብለው ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ።

እኔም ይህን ስሰማ ክው አልኩ። ነገሩን ከመጀመሪያው የማውቅ ሰው፣ ለአንድ አፍታ ባለቤቴ የእውነት ምን ሆና ይሆን ብዬ የእውነት አለቀስኩ። እትዬ ሊጮኹ አየር ወደ ውስጥ ሳቡ። አየሩ ጉሮሯቸው ላይ ሲደርስ ቆም አሉ። አሸተቱ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን መሣሪያ አዩ፤ ማድረቂያውን አዩ፤ ባላቸውን አዩ።

"ሚጥሚጣዬ!" አሉ።

ትልቁ ሽማግሌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "ሟቹን እንደዚያ ነበር የምትጠሩት?" ብለው ጠየቁኝ።

ሁላችንም በረንዳ ላይ ወጥተን በየተራ በጆግ ውሃ ታጠብን። እትዬ እያፈሰሱ፣ ጋሼ ፎጣ እያቀበሉ። እንግዶቹ ነገሩ ሲገባቸው መጀመሪያ ትንሽ አፈሩ፤ ቀጥለው ሦስተኛው ሽማግሌ "ገና ምኑም ያልተነካ!" ብለው ሲደግሙት ሁላቸውም በሳቅ ወደቁ። ፕላስቲክ ወንበሮች ወጡ። ትልቁ ሽማግሌ ግን ቁጭ በሉ ሲባሉ እንቢ ብለው እንደ ወጉ ቆመው ተናገሩ። የልጁን ጨዋነት፣ የቤተሰቡን ፍላጎት በዝርዝር አስረዱ። ዓይናቸው ቲማቲም መስሎ ነበር፤ ንግግራቸው ግን ያማረ ነበር።

ጋሼ እንደ ወጉ "ተመካክረን ቀጠሮ እንሰጣችኋለን" ማለት ነበረባቸው። ጀመሩትም። "እንግዲህ... ለሌላ ቀን..."

"ቀጠሮ ከሆነ ከቤት ውጭ ቢሆን" አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

ከመስኮቱ ጀርባ ልጅቷ ስትስቅ ተሰማች። እትዬ ወደ ባላቸው ዞረው፣ "ምን ቀጠሮ ያስፈልገዋል? ገና ሳይዛመዱን አብረውን አልቅሰዋል፤ ከዚህ በላይ ምን ዘመድ አለ?" አሉ። ጋሼ ያን ቀን በምንም ነገር የመከራከር መብት አልነበራቸውም። ልጅቷ ተሰጠች። እልልታው በሳል ቢቆራረጥም ጎረቤት ድረስ ተሰማ።

ሽማግሌዎቹ ከዚያ በቀጥታ ወሎ ሰፈር ወዳለው ለቅሶ ሄዱ። ትልቁ በሠርጉ ቀን እንዳጫወቱን ከሆነ፣ የለቅሶው ባለቤቶች የእንግዶቹ ዓይን በለቅሶ ያን ያህል ማበጡን አይተው እጅግ ተነክተዋል። ሽማግሌዎቹም ሚስጥሩን ለማንም አልተነፈሱም። የእትዬ እህቶች ደግሞ ታሪኩን እርስ በርስ ለመነጋገር ሲሉ ተደዋወሉ፤ ሲስቁም ታረቁ። ከትልቁ ዕቃ የተረፈውን ሚጥሚጣ እትዬ በስኒ ሰፍረው ላኩላቸው።

ያን ዕለት ከሰዓት፣ ካፊያው ካባራ በኋላ፣ እኔና ጋሼ ቧንቧው አጠገብ ተቀምጠን መሣሪያውን ፈታን። እያንዳንዷን ብሎን በጥርስ ብሩሽ ፈገፈግን። ቤት ውስጥ እትዬና ልጃቸው መጋረጃ እያወረዱ ነው፤ የሚሉትን ባንሰማውም ስለ ማን እንደሆነ እናውቃለን። ጋሼ አንዷን ብሎን ደጋግመው ይፈገፍጋሉ። በጣም ያዘኑ መስሎኝ የሚያጽናና ነገር ስፈልግ፣ የደረቀችውን ብርጭቆ ወደ ብርሃን አንሥተው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ተልባ ግን ይፈሳል። አይደል?"

ስልኬ አልጠራም ነበር። ቢሆንም ጆሮዬ ላይ አድርጌ "ሃሎ" እያልኩ ወደ ሰርቪስ ቤቴ ገባሁ።