ወፈረልኝ ያልኩት ልጅ

መጀመሪያ ያበጠው እግሩ ነው። ልጄ ፍቃዱ ያን ጊዜ ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። አንድ ጠዋት ሳጥበው የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ጠፋብኝ። በጣቴ ስጫነው እንደ ሊጥ ጎድጉዶ ቀረ። ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ የጀመርኩት እውነቱን ልናገር ብዬ ነውና አልደብቅም፤ ደስ አለኝ። ልጄ ወፈረልኝ አልኩ።

ከሳምንት በኋላ ጉንጩ ሞላ፤ ዓይኑ ጠበብ አለ፤ ጥቁር የነበረው ፀጉሩም ቀላ እያለ ሄደ። በአጥሩ በኩል የሚያልፉ ሴቶች ልጅሽ አማረበት ይሉኝ ነበር። አዲስ አበባ ላለው ባለቤቴም በሚመላለሱ ነጋዴዎች በኩል ልጅህ ስለወፈረ ስትመጣ አታውቀውም ብዬ ላክሁበት። ያ መልእክት ትዝ ባለኝ ቁጥር ዛሬም አፍራለሁ።

ዘመኑ የጃንሆይ መጨረሻ ዓመታት ነው። ቤታችን ከቡታጅራ በስተምዕራብ፣ ወደ ተራራው በሚያወጣው መንገድ፣ ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ቦታ ላይ ነበር። እኔ ግን ከቡታጅራ ወዲያ ቆላው ላይ ያለችው የቆሼ ልጅ ነኝ፤ በቆሎና ቦሎቄ በልቼ ያደግሁ የቆላ ሰው። በትዳር ወደ እንሰት አገር ስመጣ ቋንቋቸውን እንኳ በቅጡ አልያዝኩም ነበር። ባለቤቴ ወልዴ እንደ አገሩ ወንዶች አዲስ አበባ ይነግዳል፤ ቤቱን የሚያየው ለመስቀል ነው። አማቶቼ ሞተዋል፤ እናቴ ሩቅ ናት። ቤቱ፣ እንሰቱ፣ ላሚቱና ልጆቹ እኔ ላይ ወድቀው ነበር። ሰው እንዴት ነሽ ሲለኝ መልሴ ሁልጊዜ ደህና ነው። ይቺ ቆላ ቤት መያዝ አቃታት እንዳይሉኝ እፈራ ነበርና ገበናዬን ለማንም አላሳይም።

ፍቃዱን ጡት ያስጣልኩት እህቱን በጸነስኩ ጊዜ ነው። የእርጉዝ ጡት ልጅ ያሳምማል ሲሉ ሰምቼ በአንድ ቀን ከለከልኩት። ከዚያ ወዲያ ምግቡ ቆጮና ጎመን ሆነ። ይበላል፣ ይጠግባል፣ ይተኛል። ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

ላም አልነበረሽም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ነበረችኝ። ወተቷ ግን የእኛ አልነበረም፤ የውጆ ነበር። ውጆ ማለት ሴቶች ተሰባስበው ወተታቸውን በየተራ ለአንዷ የሚሰጡበት ማኅበር ነው። ባለተራዋ ወተቱን ንጣ ቅቤውን ለመስቀል ታጠራቅማለች። የአንድ ላም ወተት ለብቻው የመስቀልን ቅቤ አያደርስም፤ በውጆ ግን ይደርሳል። ወንዱ ከአዲስ አበባ መጥቶ ክትፎው ቅቤ ካነሰው ደግሞ የሴቲቱ ስም በየቤቱ ይነሳል። ሌሎቹ ለውጆው ሰጥተው ለልጆቻቸው የሚተርፋቸው ነበራቸው። እኔ ያለችኝ አንዲት ላም የምትሰጠው ለውጆው ብቻ ይበቃል። ይህንን ለማንም አልነገርኩም፤ ማንም ደግሞ አላስገደደኝም። የማኅበሩን ወተት ለልጅ ብዬ ማጉደል ነውር መስሎኝ በገዛ እጄ አደረግሁት።

በሐምሌ ዝናብ እሳቷ የጠፋባት ጎረቤቴ እትዬ ዘምዘም አንድ ጠዋት እሳት ልትጭር መጣች። ሙስሊም ስለሆነች በመስቀሉ ውጆ ውስጥ የለችም፤ ቤቴም ከገባች ቆይታለች። ፍቃዱ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ዝንቦች ዓይኑ ሥር ሰፍረዋል። እጁን አያነሳም። እሳቱን ትታ አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«የሺ፣ ይሄ ልጅ ዝንብ ማባረር ከተወ ስንት ቀኑ ነው?»

አላወቅሁም። አንድ ወር የሞላት ሕፃን ጡቴ ላይ ነበረች፤ እሱ ደግሞ አያስቸግረኝም። ዝምታውን ጨዋነት ብዬው ነበር። እትዬ ዘምዘም አሁኑኑ ቡታጅራ ጤና ጣቢያ እንሂድ አለችኝ። እኔ ግን በዚያ ሳምንት ላሟን የሚያልብና ወተቱን ለባለተራዋ የሚያደርስልኝ ሰው የለኝም አልኩ። ሁለት ቀን ዘገየሁ። ለወተት ብዬ።

በሁለተኛው ቀን ተቅማጥ ያዘው። የእግሩ ቆዳ እሳት እንደነካው ተላጠ። መብላት ተወ። ማልቀስም ተወ። ያን ጊዜ ሮጬ ጠራኋት። እሷ ፍቃዱን አዘለች፤ እኔ ሕፃኗን። ወንዙ ሞልቶ ነበር። እስከ ወገቧ ገብታ አሻገረችው። እኔ ከኋላ እከተላለሁ። ይተነፍሳል ወይ? እያልኩ እጠይቃለሁ። ይተነፍሳል ትለኛለች። ደጋግሜ እጠይቃለሁ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የተቀበለን እኛ ዶክተር የምንለው ወጣት ጤና መኮንን ነው። እግሩን ተጭኖ አየ። ፀጉሩን በሁለት ጣቱ ሳብ ሲያደርገው ተነቅሎ መጣለት፤ ልጁ ግን ንቅንቅ አላለም። ቤታችን ምን እንደሚበላ ጠየቀኝና ነገርኩት። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

«ይህ ውፍረት አይደለም፤ ውሃ ነው። በሽታው ክዋሺዎርኮር ይባላል። ልጅሽ ርቦታል።»

ተናደድኩ። ሰው ፊት የሰደበኝ መሰለኝ።

«ጌታዬ፣ እኛ ቤት ረሃብ ገብቶ አያውቅም። እንሰቴ ከደጄ እስከ ወንዙ ነው» አልኩት።

«ሆዱ አልራበም፤ ገላው ነው የራበው። ቆጮ ያጠግባል። ገላ የሚሠራው ግን ፕሮቲን ነው፤ ወተት፣ እንቁላል፣ ባቄላ፣ ቦሎቄ። ላም የለሽም?»

«አለችኝ።»

«ታዲያ ወተቷን ማን ይጠጣዋል?»

ከወተቱም ይልቅ ቦሎቄ ማለቱ አሳፈረኝ። እኔ በቦሎቄ ያደግሁ ልጅ ነኝ። የቆላ ምግብ ታበላለች ብለው እንዳይስቁብኝ ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ፍሬ አልዘራሁም።

ጤና መኮንኑ ካርድ ላይ እየጻፈ ቀና ሳይል ጠየቀኝ፦

«ከዚህ በፊት እንዲህ ያበጠ ልጅ ነበረሽ?»

ነበረኝ። እስካሁን አላነሳሁትም፤ ማንሳት ስለሚከብደኝ ነው። ከፍቃዱ በፊት ወንድ ልጅ ወልጄ ነበር። ፍቃዱን ስጸንስ ጡት አስጣልኩት። ወፈረ። አማረበት አሉኝ። ከዚያ ተቅማጥ ያዘውና በሦስተኛው ቀን ሞተ። ዓይን በላው ተባለ፤ እኔም አመንኩ። ከመሞቱ በፊት ደጄ ቆማ እንዴት ያለ ቆንጆ ልጅ ነው ያለችው ማን እንደነበረች አስታወስኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያቺን ሴት በልቤ ስረግም ኖርኩ። ሰላምታዋን ስሸሽ፣ ልጄን ስደብቅባት ኖርኩ። ያቺ ሴት እትዬ ዘምዘም ነበረች። አሁን ቀሚሷ በወንዝ ውሃ እንደራሰ፣ ፍቃዱን ታቅፋ አጠገቤ ተቀምጣለች።

ልጄን የገደለው የእሷ ዓይን አልነበረም። የእኔ ቤት፣ የእኔ እጅ ነበር።

አስተኙን። በአፍንጫው ቀጭን የጎማ ቱቦ አስገብተው የዱቄት ወተት በስኳርና በዘይት እየመቱ በትንሽ በትንሹ ሰጡት። ፔኒሲሊን ወጉት። ገላው እንዳይቀዘቅዝ ደረቴ ላይ አድርጌ እንድይዘው ነገሩኝ። በአምስተኛው ቀን ከሳ። ጉንጩ ጠፋ፤ የጎድን አጥንቱ ተቆጠረ። እኔ ያመጣሁት ወፍራም ልጅ ነው፤ እነሱ አጥንት አደረጉብኝ። ገደሉብኝ አልኩ። በነጠላዬ ጠቅልዬው እህቱን አዝዬ ወደ በሩ ሄድኩ። በሩ ላይ ያገኘኝ ቁስል የሚያጥብና መርፌ የሚወጋ ሸምገል ያለ ድሬሰር ነው። አልተቆጣኝም።

«ልጄ፣ እየከሳ አይደለም። ውሃው እየወጣለት ነው። የራስሽን ልጅ መልክ ገና አሁን ነው የምታዪው» አለኝ።

ቢያንስ እስከ ነገ ቆዪ ብሎ ለመነኝና ተመለስኩ። ያን ቀን ከበሩ ወጥቼ ቢሆን ኖሮ ይህን የምጽፍላችሁ ስለ ሁለት መቃብር ነበር።

ድሬሰሩ ከገባን ቀን ጀምሮ ሲስቅ ጥሪኝ ይለኝ ነበር። ይህ በሽታ የያዘው ልጅ ከሳቀ ይድናል፤ ሌላ ምልክት አልፈልግም ይላል። በሁለተኛው ሳምንት ማለቂያ ላይ ሁለቱን ልጆች ጎን ለጎን አስተኝቼ ሳለሁ እህቱ እጇን ስታወራጭ አፍንጫውን ጨመደደችው፤ እሱም መጀመሪያ ተኮሳተረ፤ ከዚያ ዞር ብሎ አያትና ድምፅ አውጥቶ ሳቀ። ድሬሰሩን ልጠራው ስሮጥ ነጠላዬ መንገድ ላይ ወድቆ ቀርቷል።

እኔ እዚያ እያለሁ እትዬ ዘምዘም ላሜን ስታልብልኝ፣ ቤቴን ስትጠብቅልኝ ከርማ ነገሩን ሁሉ ማኅበሩን ለሚመሩት ለውጆው እናት ለእማማ ብርቄ ነግራቸው ነበር። ወደ ቤት ስመለስ ይህን ሰምቼ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ የዘንድሮው ጉድ እኔ ነኝ አልኩ። በማግስቱ እማማ ብርቄ የውጆውን ሴቶች አስከትለው ልጆቻቸውንም ይዘው መጡ። ማኅበራችንን አሳምተሻል፣ ከማኅበሩ ውጪ ሊሉኝ የመጡ መስሎኝ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። እሳቸው ግን ያጋጠመኝን አንድ ሳላስቀር እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ጤና መኮንኑ እግሩን በጣቱ ተጭኖ እንዴት እንዳየውም አሳየኋቸው።

ከዚያ የሆነውን እስክሞት አልረሳውም። ማንም ሳያዛቸው እያንዳንዷ ሴት ያቀፈችውን ልጅ እግር ያዘችና አውራ ጣቷን ተጭና አነሳች። የሁለት ልጆች እግር ጎድጉዶ ቀረ። እኔ ብቻ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ሁለቱም እናቶች በማግስቱ ማለዳ ወደ ቡታጅራ ወረዱ፤ ልጆቻቸውም ተረፉ።

እማማ ብርቄ ሲነሡ የተናገሩት ቃል ሕግ ሆኖ ቀረ።

«ከእንግዲህ ጡት የተወ ትንሽ ልጅ ካለበት ቤት፣ ልጁ ሳይጠጣ ወተት ወደ ውጆ አይገባም። እናቱ ወተት የምትቀበልበት ተራ ግን አይቀርም።»

ከዚያ በኋላ ብቻዬን አልተውኝም። እንሰት በምፍቅበት ቀን አንዷ መጥታ ሕፃኗን ትይዝልኛለች፤ ሌላዋ እንቁላል ትልክልኛለች፤ እኔ ደግሞ ከቆሼ ዘር አስመጥቼ በአጥሩ ዙሪያ ቦሎቄ ዘራሁና መጀመሪያ ሳቁብኝ፣ ቆይተው ግን ዘሩን ለራሳቸው ለመኑኝ። ለመስቀል ወልዴ ሲመጣ ልጁን ቀጭን ሆኖ፣ ግን ደጅ እየሮጠ አገኘው። ወፍሯል ብለሽ ልከሽብኝ አልነበር ወይ አለኝ። ሁሉንም አጫወትኩት። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ።

«ታላቁም እንዲሁ ነበር?»

«እንዲሁ ነበር» አልኩት።

ተነሥቶ ወደ እንሰቱ መሐል ገባ፤ ብዙ ቆየ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ፍቃዱን ጭኑ ላይ አስቀመጠውና ከራሱ ገበታ መጀመሪያ እሱን አይብ አጎረሰው። በአገራችን አባት ሳይበላ ልጅ አይጎርስም ነበር።

እናንተ ባላችሁ ሩቅ ሆኖ፣ ዘመድ በሌለበት አገር ልጅ የምታሳድጉ እናቶች፣ እኔ ከደረሰብኝ የምመክራችሁ ጥቂት ነው። ጡት የተወ ልጅ ጠገበ ማለት በላ ማለት አይደለም። እግሩን በጣታችሁ ተጫኑ፤ ከጎደጎደ ነገ አትበሉ። ሐኪም ቤት ገብቶ ቢከሳም ይዛችሁት አትውጡ። ከሁሉ በላይ አንሶኛል ማለትን አትፈሩ። ያንን ጤና መኮንን፣ ያንን ድሬሰርና እማማ ብርቄን ከማመስገን ቦዝኜ አላውቅም። ፍቃዱ ዛሬ የልጆች አባት ነው።

ለእትዬ ዘምዘም በልቤ የያዝኩባትን ነገር ለመናገር ግን ብዙ ዓመት ፈጀብኝ። ስታረጅ፣ ታማ ልጠይቃት ሄጄ፣ በታላቁ ልጄ ሞት ስረግማት እንደኖርኩ እያለቀስኩ ነገርኳትና ይቅር በይኝ አልኳት። እጄን ያዘች።

«አውቅ ነበር» አለችኝ። «ስላወቅሁም ነው ሁለት ዓመት ደጅሽን የራቅሁት። ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ፤ ብትጠይኝም መግባት ነበረብኝ።»