የእትዬን ሙያ ልታክም የመጣችው ሐኪም

ባለፈው ሳምንት ከድሮው አትክልት ተራ ወረድ ብሎ ባለ አንድ ጎሚስታ በር ላይ ታክሲ እጠብቅ ነበር። ሠራተኛው የውስጥ ጎማ በመቀስ ይቆርጣል። ፀሐይ የመታው ጎማ ሽታ አለ አይደል፣ ጉሮሮ ከርከር የሚያደርገው? እሱ አፍንጫዬ ሲገባ፣ አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ ሳላዛቸው ተገጣጠሙ። እርሳስ ሊይዙ! ይታይሽ፣ በዚህ ዕድሜዬ። እንደዚያ ያለ ቁራጭ ጎማ ሦስተኛ ክፍል እያለሁ እርሳሴ ላይ ይጠመጠምልኝ ነበር። እስኪ ቁጭ በይና ልንገርሽ።

የፒያሳ ልጅ ነኝ፤ በምላስ የሚቀድመኝ አልነበረም። እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ። አባቴ ወርቅ ቤት ጓዳ ቁጭ ብሎ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ የሚያጣምር እጀ ወርቅ ሰው፣ እኔ ልጁ የሹራቤን ቁልፍ ስቆልፍ የጠዋቱ ደወል ያልፈኝ ነበር። እርሳስ የምይዘው በጡጫዬ ጨብጬ ነው፤ ወረቀቱን እቀደዋለሁ። እግሬ መሬት ስለማይደርስ ከአግዳሚው ወንበር እወድቃለሁ። ክፍሉ በሙሉ ይስቃል፤ እኔም ቀድሜያቸው እስቃለሁ። የማለቅሰው ቤት ገብቼ ነው።

አስተማሪያችንን እትዬ ነበር የምንላቸው። ጠይም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ትከሻቸው ላይ የቾክ ብናኝ ያለባቸው ሴት ነበሩ። ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ ፊደላቸው የታተመ ነው የሚመስለው። እወዳቸው ነበር፤ በጣም። እሳቸው ደብተሬን ገለጥ ያደርጉና በቀይ «አልተጨረሰም» ብለው ይከድኑታል። ሁልጊዜ «አልተጨረሰም»። መቼ ጨርሼ አውቄ! ሰው ሁሉ ገልብጦ ሲያበቃ እኔ ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ነኝ።

አንድ ቀን ዳይሬክተሩ አባቴን አስጠሩት። እኔም አጠገቡ ቆሜ ሰማሁ። «ልጅቷ ከክፍሉ እኩል መሄድ አልቻለችም። እስከ መንፈቅ ዓመቱ ድረስ ካልተሻላት፣ ልዩ ክፍል ወዳለበት ትምህርት ቤት ትዛወር» አሉ። አባቴ እጄን ይዞ ወደ ቤት ወሰደኝ። ሰነፍ አይደለሁም ልለው ፈልጌ ነበር። ያ ሁሉ ምላሴ የት እንደገባ እንጃ። ከእትዬ ክፍል ከወጣሁ ዓለም ያበቃለት መስሎኝ ነበር፣ እውነቴን ነው።

እናቴ ሆስፒታል ወሰደችኝ፤ የልጆች ሐኪሙ አየኝና ወደ አንዲት ወጣት ባለሙያ መራኝ። እሷ ኳስ አስያዘችኝ፣ ቁልፍ አስቆለፈችኝ፣ አስጻፈችኝ። ከዚያ ለእናቴ «እዚህ ብቻ አይቻት አይሆንም። የምትውልበትን ክፍል ማየት አለብኝ፤ አስተማሪዋ ካላገዙኝ የኔ ሥራ ግማሽ ነው» አለቻት።

ማክሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤታችን በር ላይ ደረሰች። ዘበኛው ማን ልበል ሲሏት «የሙያ ሕክምና ባለሙያ ነኝ፤ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪዋን ፈልጌ ነው» አለቻቸው። ዘበኛው ይህንን መልእክት እንደተመቻቸው አድርገው ይዘው መጡና፣ በክፍላችን በር አንገታቸውን ብቅ አድርገው «እትዬ፣ የሙያ ሐኪም መጥታልዎታለች!» አሉ።

እትዬ ቾኩን አስቀመጡ። «ለማን?»

«ለእርስዎ ነዋ!»

ወይ ጉድ! «ሠላሳ ዓመት አስተምሬ፣ ዛሬ ሙያዬ ታመመ ተብሎ ሐኪም ይላክብኝ?» አሉ እትዬ፣ ግድግዳው እስኪሰማ። ምስኪኗ ሐኪም በሩ ላይ ቆማ «አይ፣ እትዬ፣ ሙያ ማለቴ ሰው በየቀኑ የሚሠራውን ነው፤ መልበሱን፣ መብላቱን፣ መጻፉን። እሱ ያቃተውን ሰው ነው የምረዳው» ብትል ማን ሰምቷት! «ግቢና ቁጭ በይ። እንግዲህ አክሚኝ» አሏት።

ሁለት ማክሰኞ እንደዚያው አለፈ። ሐኪሟ የኋላ ወንበር ላይ ጉልበቷን አጥፋ ትቀመጣለች፣ ታያለች፣ ትጽፋለች። እትዬ እንዳላዩ ያልፏታል። መደረግ ያለበትን በወረቀት ጽፋ ብትሰጣቸው፣ ሳያነቡ መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባል የለ? ሣሩ እኔ ነበርኩ። መንፈቅ ዓመቱ እየቀረበ፣ እኔ አሁንም ሁለተኛው መስመር ላይ ነኝ።

በሦስተኛው ማክሰኞ እትዬ አንዷን ልጅ ወደ ሰሌዳ ጠሩና፣ እንደ ልማዳቸው አዲሱን ቾክ ቀጭ አድርገው ሰብረው ቁራጩን ሰጧት። ሐኪሟ ከኋላ ብድግ አለች።

«ይቅርታ እትዬ፣ ቾኩን ለምንድነው የሚሰብሩት?»

«ሙሉውን ብሰጣቸው እንደ ዱላ ይጨብጡታል። ቁራጩ ለጡጫ አይበቃም፤ በግዳቸው በሦስት ጣት ይይዙታል። ምነው፣ ይኼም በሽታ ነው?»

ሐኪሟ ሳቀች። «እኔ እኮ ይኼንን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው የተማርኩት! እርስዎን ማን አስተማረዎት?»

እትዬ የቾኩን ብናኝ ከእጃቸው አራገፉና «ሙያ በልብ ነው» አሉ። ከንፈራቸው ጥግ ላይ ግን ፈገግታ ነገር አየሁ። ሐኪሟ ያኔ ወደ እኔ ዞረች፤ ድምፅዋንም ዝቅ አደረገች። «ታዲያ የዚችን ልጅ እርሳስ ለምን አልሰበሩላትም?»

እትዬ አዩኝ። ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ «እኔ እኮ... ሰነፍ መስላኝ ነው» አሉ። አልተቆጡም፤ ለራሳቸው ነበር የሚናገሩት። እኔ ደብተሬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ ክፍል ውስጥ ስሜ ተነስቶ ሳልስቅ ስቀር ያ የመጀመሪያዬ ነው።

በዚያ ቀን እረፍት ላይ ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ወረቀቱም ከመሳቢያ ወጣ። በመስኮት እሰማቸዋለሁ፤ «ስልሳ ልጅ ይዤ ይኼ አይሆንም፣ ሰርዢው» ይላሉ እትዬ፤ ሐኪሟ ትሰርዛለች። «ይኼ ይሆናል። ይኼኛውን ደግሞ እንዲህ ብናደርገውስ?» ሐኪሟ ትጽፋለች። የኔን መዳን እንደ ሠርግ ድግስ ሲማከሩበት እረፍቱ አለቀ።

በማግስቱ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ዘበኛው እግሬ እንዲያርፍበት የለስላሳ ሳጥን ደፍተው አደረጉልኝ፤ ከጎሚስታም ቁራጭ ጎማ ለምነው አመጡና እትዬ ተሰብሮ ባጠረው እርሳሴ ላይ ጠመጠሙት። እጄ ቀኑን ሙሉ ጎማ ጎማ ይሸት ነበር። ጠዋት ጠዋት ሰሌዳ የማጥፋቱ ሥራ የኔ ሆነ፤ ትከሻዬና ክንዴ እንዲጠነክሩ ከዳር እስከ ዳር ዘርግቼ እንዳጠፋ ነው ትእዛዙ። ሌላው አሥር መስመር ሲገለብጥ እኔ አምስት። «አድልዎ ነው!» ብለው ያልጮኹ አልነበሩም። እትዬም «ዝም በሉ፣ ሙያዬን እየታከምኩ ነው» ይሏቸዋል።

ወሳኙ ቀን ደረሰ። ዳይሬክተሩ ራሳቸው መጥተው ከኋላ ተቀመጡ፤ እትዬ አሥር መስመር ሰሌዳ ላይ ጻፉ። የዚያን ቀን ለኔም አሥር። ጻፍኩ። ከውጭ የታክሲ ረዳቶች ጩኸት ይመጣል፣ እኔ እጽፋለሁ። ስምንተኛው መስመር ላይ ደወሉ ተደወለ። ልጆቹ ግር ብለው ሊነሱ ሲሉ እትዬ በሩን ዘግተው ተደገፉት።

«ደወል እኮ ነው» አሉ ዳይሬክተሩ።

«ይሁና። እሷ ገና እየሠራች ነው፤ እኔም እየሠራሁ ነው» አሉ እትዬ። ዳይሬክተሩ ሰዓታቸውን አዩ፣ እትዬን አዩ፣ ተመልሰው ተቀመጡ። ያ ሁሉ የፒያሳ ዱርዬ ጸጥ ብሎ ጠበቀኝ። ጨረስኩ። እትዬ ደብተሬን አንስተው በቀይ አረሙ፤ አንድ ፊደል ተሳስቼ ነበርና ሳይምሩኝ ዘጠኝ ከአሥር ሰጡኝ። ደስታዬን ምን ልበልሽ! ዳይሬክተሩ ደብተሩን አገላብጠው አዩና «ትቆይ» አሉ።

ሐኪሟ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረች ተባለ፤ ዛሬ መንገድ ላይ ባገኛት አላውቃትም። እትዬ በዚያው ዓመት ጡረታ ወጡ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሆኜ ቴዎድሮስ አደባባይ ታክሲ ሰልፍ ላይ አየኋቸው። ልጃቸው ክንዳቸውን ደግፋለች። ሮጬ ሄጄ ጉንጫቸውን ሳምኳቸው። «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። «ተማሪዎ ነኝ፣ እትዬ!» አልኳቸው። ዓይኔን ዓይኔን አዩኝ፤ ምንም አላገኙም። ልጃቸው «ይቅርታ እህቴ፣ ትረሳለች አሁን» አለችኝ በሹክሹክታ።

እትዬ ግን እጄን ይዘው ነበር። ገለበጡት። እስክርቢቶ የመሃል ጣቴ ጎን ላይ ያወጣውን ጠጣር ቆዳ በአውራ ጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት።

«ትጽፊያለሽ፣ አይደል?»

«አዎ፣ እትዬ። እጽፋለሁ።»

«ጎሽ!» አሉኝ። ታክሲው መጣ፤ ልጃቸው እየደገፈች አስገባቻቸው። እጄን እስከ በሩ ድረስ አልለቀቁትም።